የቮልስ ኮፈን አልዘጋ ያላችሁ፣ እኚህን ባትላሜራ (የመኪና አካል ጠጋኝ) ፈልጓቸው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እጅዎ ይባረክ። አምስት ወር ሙሉ በሽቦ ታስሮ ሲንገጫገጭ የከረመ የ1965 ሞዴል ቮልስ ኮፈን (የፊት ክዳን) በእርስዎ እጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተስተካከለ። አሁን በመዳፍ ጫን ሲባል ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡና ለወዳጅ አካፍሉ፤ ይህን ሥራ እንዲህ የሚያውቀው ሰው እየጠፋ ነው።

ቮልስ ላልያዘ ሰው ነገሩ ተራ ይመስላል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ነው። ኮፈኑ የሚታጠፈው በመስታወቱ በኩል፣ አፉ የሚከፈተው ደግሞ ወደ ነፋሱ ነው። መቆለፊያው መንገድ ላይ ቢለቅና የጥንቃቄ መንጠቆውም ባይይዝ ኮፈኑ ተነስቶ መስታወቱ ላይ ይጋደማል፤ ነጂው መንገዱን አያይም። በዚያ ላይ እስከ 1967 ሞዴል ባሉት ቮልሶች የቤንዚን መሙያው አፍ ያለው ኮፈኑ ስር ነው፤ ወደ ውጭ የወጣው ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ነው። ስለዚህ ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር ኮፈኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ያውም ሰልፍ የያዘው ማደያ ላይ እየተወረወረ። ስድሳ ዓመት እንዲህ የተመታ መቆለፊያ ቢደክም ምን ይገርማል?

ቀደም ብለው የነኩትን ጋራዦች ስም አልጠራም፤ ሥራቸውን ግን ልናገር። አንደኛው መቆለፊያውን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ሞላ በፒንሳ ስቦ አረዘመውና «ጠነከረ» ብሎ ሸኘ። የተሳበ ሞላ ጉልበቱን ያጣል እንጂ አይጠነክርም፤ በሳምንቱ ባሰበት። ሁለተኛው የኮፈኑን ከንፈር በመዶሻ ወደ ታች መታው። ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ መቆለፊያው እንደነበረው ቀረ። ሦስተኛው ሙሉ መቆለፊያ ይቀየር ብሎ ያስገዛው ዕቃ ከ1968 በኋላ ላሉት ሞዴሎች የሚሆን ነው። በዚያ ዓመት ኮፈኑም መቆለፊያውም ተለውጧልና አይገጥምም። ዕቃውን በመመለስ ፈንታ የመኪናውን ቀዳዳ በሞረድ ሊያሰፋው ተነሳ! ብር የሚቀበለው እጅ ሥራውን ከሚያውቀው እጅ ሲፈጥን እንዲህ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ያሉት «አትንዱት፣ እኔ እመጣለሁ» ነው። የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘው በታክሲ መጡ። ከዚያም ኮፈኑን ለመዝጋት እንኳ አልሞከሩም። «መጀመሪያ ይሞከራል እንጂ መጀመሪያ አይዘጋም» አሉ። ይህችን ነገር ያዟት። በብልሹ መቆለፊያ ላይ ኮፈኑን አጋጭቶ የዘጋ ሰው ሁለተኛ ላይከፍተው ይችላል።

አሞካከራቸው እንዲህ ነው። ከኮፈኑ በኩል ያለው ፒን ከታች ወዳለው መቆለፊያ ይገባል፤ በዚያ ውስጥ ተንሸራታች ላሜራ የፒኑን አንገት ይይዛል። በፒኑ ምትክ ካቻቢቴ ወደ ቀዳዳው ገፉ። ደህና መቆለፊያ ቢሆን ካቻቢቴውን ቀጭ አድርጎ ይይዝ ነበር፣ ከዳሽቦርዱ ስር ያለው መጎተቻ ሲሳብ ደግሞ ይለቅ ነበር። ይኼኛው ጭራሽ አልያዘም፤ ተንሸራታቹ ላሜራ ተከፍቶ ቀርቷል። ስለዚህ የመጎተቻውን ሽቦ ከማሰሪያው ፈቱት። ላሜራው ግማሽ ድረስ ተመለሰና ቆመ። ከዚህ ብቻ በሽታው ሁለት መሆኑን አወቁ፤ ሽቦው ተወጥሯል፣ መቆለፊያው ራሱም ደርቋል።

የታችኛውን መቆለፊያ ከመፍታታቸው በፊት ዙሪያውን በምስማር ጫፍ ጭረው ምልክት አደረጉ። ይህን የማያደርግ ሰው ሲመልሰው ቦታው ይጠፋበታል፤ የቡሎኖቹ ቀዳዳ ሰፋ ያለ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ይሄዳልና። ከውስጡ የወጣው ግራሶ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ጭቃ ደርቋል። በናፍጣ አጠቡት፣ በብሩሽ ፈተጉት፣ ላሜራው በራሱ እስኪንሸራተት ድረስ። የተሳበውን ሞላ ጣሉና በውፍረትም በርዝመትም ልኩ የሆነ ሌላ አስገቡ። መልሰው ግራሶ አልቀቡትም፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ። አቧራ ባለበት አገር ወፍራም ግራሶ መቀባት ጭቃ ማቡካት ነው።

ሽቦው ቱቦው ውስጥ ተጣጥፎ ስለነበር በአዲስ ተተካ። ሲታሰር ሁለት ሚሊሜትር ያህል ላላ ብሎ ቀረ። ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጥሩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የተወጠረ ሽቦ ግን ላሜራውን ሁልጊዜ ከፈት አድርጎ ይይዘዋል፣ ኮፈኑም «አልዘጋም» ይላል። ከአሥር ቮልስ ስንቱ መቆለፊያ የተገዛለት በዚህች ሁለት ሚሊሜትር ይሆን?

ቀጥሎ ጠመኔ አወጡ። የፒኑን ጫፍ ጠመኔ ቀብተው ኮፈኑን ቀስ ብለው አወረዱ፣ ሳይጫኑ አነሱት። ነጩ ነጥብ ከቀዳዳው መሀል ወደ ግራ አራት ሚሊሜትር ያህል ወጥቶ ታየ። ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) አንድ ጊዜ ተገጭቶ የፊት ላሜራውን ትንሽ ገፍቶታል። እዚህ ላይ መዶሻ አላነሱም። ከማጠፊያው ጋር ኮፈኑን የያዙትን ቡሎኖች በባለ 13 ቁልፍ አላሉ፤ ሙሉ በሙሉ አልፈቱም። አንድ ሰው ኮፈኑን ደግፎ ያዘና በመዳፍ ወደ ቀኝ አስጠጉት። ጠመኔው ሦስት ጊዜ ተቀባ። በሦስተኛው ነጥቡ መሀል ላይ አረፈ፣ በሁለቱ ፓራፋንጎዎች (የጎማ ክዳኖች) በኩል ያለው ክፍተትም እኩል ሆነ።

የመጨረሻው የፒኑ ርዝመት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ፒኑ በጣም ካጠረ አንገቱ ላሜራው ጋ አይደርስም፣ ምንም ቢጫኑት አይያዝም። በጣም ከረዘመ ይያዛል፤ ግን ኮፈኑ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ይንኳኳል፣ ዝናብ ያስገባል። ማጥበቂያ ዳዶውን አላልቶ ፒኑን በካቻቢቴ ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር እያዞሩ መሞከር ነው፤ ከዚያ ዳዶውን ማጥበቅ። የኮፈኑን ዳር የሚደፍነው ጎሚኒ ይህ ሁሉ ሲደረግ አልተገጠመም ነበር፤ በመጨረሻ ነው የገባው። አዲስ ጎሚኒ ወፍራም ስለሆነ ኮፈኑን ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ ፒኑን ለጊዜው አንድ ዙር አስረዝመው «ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎሚኒው ሲተኛ ተመለሱ፣ አሳጥረዋለሁ» አሉ። በቀጠሮው ቀን አሳጠሩት፤ ለዚያ ሳንቲም አልተቀበሉም።

አሁን ደግሞ ማንም ያልጠየቃቸውን ሥራ ልንገራችሁ። ቮልስ ላይ የሚያስለቅሰው ኮፈኑ ተዘግቶ ሳለ ሽቦው ሲበጠስ ነው። መለዋወጫ ጎማው ውስጥ፣ ክሪኩ ውስጥ፣ የቤንዚኑ አፍ ውስጥ፤ መኪናው ደግሞ ከደጅ አይንቀሳቀስም። ጋሼ ሌላ ቀጭን ሽቦ አውጥተው ከተንሸራታቹ ላሜራ ጋር አሰሩና ጫፉን ከስር በኩል ወደ አንድ ስውር ቦታ አወጡት። ዋናው ሽቦ ቢበጠስ በዚያ ተስቦ ይከፈታል። ቦታውን አልጽፍም፤ ይህን ሌባም ያነበዋል። አሥር ደቂቃ የፈጀች ሥራ ናት፤ ከሦስቱ ጋራዥ ግን አንዱም ትዝ አላለውም።

ያ በስህተት የተገዛው መቆለፊያስ? «በእሽጉ ነው፣ ደረሰኙን ይዛችሁ መልሱት» አሉ እንጂ ለራሳቸው አልጠየቁም። የወሰዱት የሞላ፣ የሽቦና የእጅ ዋጋ ተደምሮ አንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን፣ ማለትም 40 ሊትር፣ ከሚገዛው ገንዘብ ያነሰ ነው። አሮጌውን ሞላ ሳይቀር በወረቀት ጠቅልለው አስረከቡ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናንተ ደግሞ መዶሻ ላነሳ ሰው ኮፈናችሁን አትስጡ፤ እርሳቸው ጋ ሂዱ፣ እርሳቸው ጋ ሂዱ! ስማቸው አደባባይ እንዲለጠፍ አልወደዱም፤ የፈለገ ሰው ለብቻ ይጠይቀኝና እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ይመጣሉ። ስትደውሉ የሞዴሉን ዓመት መጀመሪያ ንገሯቸው። ሌላ ጋራዥ የፈታውን ዳዶና ሮንዴላ በላስቲክ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ጎሚኒውን ግን እርሳቸው ሳያዩት አትግዙ። እሁድ አይሠሩም።