ስሜንን በጥር «የፏፏቴና የመዋኛ ጉብኝት» ብለው ለሚሸጡላችሁ

ለጥምቀት ጎንደር የምትገቡ፣ በተለይም ልጆች ይዛችሁ ከውጭ የምትመጡ ወገኖቼ፣ «ስሜን ተራሮች፦ ፏፏቴ፣ ሐይቅና የተፈጥሮ መዋኛ» የሚል ጉብኝት የሚያቀርብላችሁ ድርጅት ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። በስሜንም ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ተራራውም ሆነ ደባርቅ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ካሰብሁት በላይ ሆነው ነው የጠበቁኝ። ያንገበገበኝ የሌለ ነገር መሸጡ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ዋጋው።

ድርጅቱን ያገኘሁት ገና ሙኒክ ሳለሁ በስልክ ነው። ሁለት ፎቶ ላኩልኝ። አንደኛው የጅንባር ፏፏቴ ነው፤ ውሃው ነጭ ሆኖ ከገደሉ ጫፍ ሲወረወር፣ ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ። ሁለተኛው ቋጥኝ የከበበው ሰማያዊ ኩሬ ሲሆን ሰዎች ይዋኙበታል። ልጆቼ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ ከሁሉ አስቀድመው የከተቱት የዋና ልብሳቸውን ነበር። እኔም በግልጽ ጠይቄያለሁ፤ «በጥር ውሃ አለ ወይ?» አልኩ። «ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል እትዬ፣ ምንም አያስቡ» አሉኝ። ግማሹን ክፍያ በባንክ ላክሁ።

የስሜን ውሃ የክረምት ውሃ ነው። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይወርዳል፤ ጓሳው ጠጥቶ ያቆየውን ቀስ በቀስ ይለቅቃል፤ ወንዞቹ ሁሉ ዞረው ዞረው ተከዜ ይገባሉ። ጅንባርን በሙሉ ግርማው ማየት የሚፈልግ ሰው በመስከረምና በጥቅምት ይምጣ፤ ያን ጊዜ አደይ አበባውም አለ። በጥር ግን ወራት ሙሉ ዝናብ ያላየ ወንዝ ነው የሚጠብቃችሁ። ይህን ደባርቅ ያለ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ጎንደር ቢሮ ተቀምጦ ጉብኝት የሚሸጥ ሰው አላወቀም ብዬ ለማመን አልችልም።

የጉዞው ዕለት መኪናው ከአክስቴ ቤት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊያነሳን ነበር። አክስቴ ሌሊት ተነስታ ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጥራ፣ ልጆቹን አልብሳ በር ላይ ቆመች። መኪናው የመጣው 3 ሰዓት ሲሆን ነው። ይቅርታ የለም፤ «ነዳጅ ፍለጋ ነው» ብቻ። የነዳጅ ችግር መኖሩን አውቃለሁ፤ ጎንደር ማደያ ደጃፍ ያለውን ሰልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ምንም ሳልናገር ገባሁ። ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን እያየሁ ንዴቴም በረደ። እናቴ የዳባት ልጅ ናት፤ ያንን ሜዳና የተከመረ ጭድ ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

ደባርቅ ስንደርስ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ ሾፌሩ መኪናውን አቆመና ለነዳጅ ተጨማሪ 6,000 ብር ካልከፈልኩ ወደ ፓርኩ እንደማይገባ ነገረኝ። «ሁሉንም ያካተተ» የተባለ ክፍያ ነው። ወደ ድርጅቱ ደወልሁ፤ የማውቀው ድምፅ «ከሾፌሩ ጋር ተስማሙ» አለ። ሾፌሩ «ከቢሮው ጋር ተነጋገሪ» ይላል። እንዲህ ሲያመላልሱኝ ሌላ ነገር ተገለጠ፤ የአስጎብኚውና የስካውቱ ክፍያም አልተካተተም። መሣሪያ የያዘ ስካውት ሳይዙ ፓርኩ ውስጥ መግባት እንደማይቻል ይህ ድርጅት እንዴት ይዘነጋዋል? ልጆቹ መኪና ውስጥ በፀሐይ ተቀቀሉ። እኔ አስፋልት ላይ ቆሜ በስልክ እከራከራለሁ፤ የከተማው ሰው ቆሞ ያየኛል። የተወለድሁበት አገር ላይ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ፣ እንደ እንግዳ ሲያደርጉኝ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። በኋላ ደግሞ የአክስቴ ጎረቤቶች በዚያው ድርጅት፣ በዚያው ዓይነት መኪና፣ በእኔ ክፍያ ግማሽ መሄዳቸውን ሰማሁ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እኔ የደወልሁት ከውጭ ነው።

ከፈልሁ። ልጆች ይዤ ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? ግን ያ ክርክር ቀኑን በላው። በዕቅዳችን መሠረት ፓርኩ ውስጥ ያለው የጭነቅ ካምፕ ደርሰን ማደርና ማለዳ ዋልያ መፈለግ ነበረብን፤ ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። አልደረስንም። መንገድ ላይ ባለው የሳንቃበር ካምፕ አደርን።

አሁን ወደ መልካሙ ልምጣ። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በኩል ያገኘነው የደባርቅ አስጎብኚ ወጣት ነው። ገና ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ልጆቹ ስለ መዋኛው ሲጠይቁት ሰማ። ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ ከዚህ ሳንነሳ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «በፓርኩ ውስጥ በሚያሳዩት ፎቶ ላይ ያለው ዓይነት መዋኛ የለም። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጅንባርም በዚህ ወር እንደ ክር ነው። ገደሉን ለማየት ከሆነ ግን አይቆጩም።» ያን ሁሉ ብር ከተቀበለ ድርጅት ያጣሁትን ቃል ምንም ካልተቀበለኝ ልጅ አፍ ሰማሁት።

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ከመንገዱ ወርደን በአስታ ዛፎቹ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። መጨረሻው በግራ በቀኙ ገደል የሆነ ጠባብ ሸንተረር ነው። ፊት ለፊት ጅንባር አለ። 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል ይባላል፤ በዚያ ቀን ያየነው ውሃ ግን ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ነፋስ የሚበትነው ቀጭን ነጠብጣብ ነበር። ትንሹ ልጄ «ፏፏቴው የታለ?» አለ። ስካውታችን፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ ክላሽ በትከሻቸው ያነገቱ ሽማግሌ፣ እጁን ይዘው ወደ ኋላ ሳብ አደረጉትና ውሃው በክረምት ከየት ተነስቶ እስከ የት እንደሚረጭ በበትራቸው አሳዩት። «ከወዲያ ማዶ ሆነን ድምፁን እንሰማዋለን፣ ከብቶቹም ይደነብራሉ» አሉት። ልጁ ከዚያ በኋላ ከእሳቸው አልተለየም። የአክስቴን ቆሎ አካፈልኳቸው፤ «አንቱም ቅመሱ አባቴ» ስላቸው መጀመሪያ ለልጆቹ ዘግነው ሰጡ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከጎናችን ሳር እየነጩ፣ እኛ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን፣ ውሃ የሌለበትን ውሃ ስናይ ዋልን። ልጆቼ ከጉዞው ሁሉ አብልጠው የሚያወሩት ያንን ቀን ነው።

ከሙኒክ ቅርብ በርሽተስጋደን የሚባል ተራራማ ብሔራዊ ፓርክ አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ስሜን በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ውስጡ ኬኒግስዜ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ውሃው እንዳይበከል እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ የሚሄዱበት ጀልባዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። ከሐይቁ ዳር ካለ ፏፏቴ በላይ ያለው የተፈጥሮ ኩሬ በፎቶ ዝነኛ ሆኖ ሕዝብ ስለጎረፈበትና ሣሩ ስለተረገጠ እ.ኤ.አ. በ2021 ለጎብኚ ተዘጋ። እኛም ልንዋኝ ሄደን መዘጋቱን አስቀድመው ነገሩን፤ ተመለስን፤ ማንም አልተናደደም። ስሜን ከዚያ በምን ያንሳል? ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ነው፤ በርሽተስጋደን ግማሹን ከፍታ በጥቂት ቢያልፍ ነው። የስሜን ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የወጣውም እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ብዙ ተለፍቶበት ነው። ይህን የሚያህል ስፍራ በሐሰት ፎቶ መሸጥ አያስፈልገውም። እንዳለ ቢነገርለት ይበቃዋል።

ውሃ ለናፈቃችሁና ልጆች ለያዛችሁ፣ በጥር ከጎንደር የሚሻለው ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ጎርጎራ ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣናን በጀልባ ታያላችሁ፣ ደብረ ሲናን ትሳለማላችሁ። ሐይቁ ውስጥ ግን ልጆች አታስገቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ጥምቀተ ባሕሩ ደግሞ፣ የፋሲል መዋኛ፣ በቀሃ ወንዝ ውሃ ተሞልቶ ለበዓሉ ዝግጁ ነው። የእኔ ልጆች ውሃ ጠገቡ ከተባለ የጠገቡት እዚያ ነው፤ ካህናቱ ባርከው ወጣቱ ሲዘል፣ እነሱም ከነልብሳቸው ረጠቡ።

ስሜን ለምትሄዱ ደግሞ፦ መኪና ብቻ ከጎንደር ተከራዩ፤ ዋጋው ነዳጅን እንደሚጨምር በጽሑፍ ይሁን። የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት ዳባት ወይም ደባርቅ ካለ ዘመድ ጠይቁ። የመግቢያ፣ የአስጎብኚና የስካውት ክፍያ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በራሳችሁ እጅ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ እኛ እዚያ የከፈልነው ድርጅቱ «ለፓርክ» ብሎ ከቆረጠብን በብዙ ያነሰ ነው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ስለሆነ ልጆች ራስ ምታት ሊይዛቸው ይችላል፤ ከተቻለ አንድ ሌሊት ደባርቅ አድራችሁ ውጡ፣ ወፍራም ብርድ ልብስም ያዙ። የ6,000 ብሩን ጉዳይ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቄ «እናየዋለን» የሚል መልስ ደርሶኛል። አስጎብኚውን ግን ለመስከረም መጨረሻ ከአሁኑ አነጋግሬዋለሁ፤ ጭነቅም በዚያን ጊዜ እንደርሳለን።