ቤዝ ለምትጫወቱ የወሎ ልጆች፣ ክር የሚሸጥ ሰው አግኝቼላችኋለሁ

ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ከሚሴ ሆናችሁ ቤዝ ጊታር የምትጫወቱ ሁሉ አንብቡት። ክር ለማስመጣት አዲስ አበባ ብር የምትልኩም፣ ዘመድ ከውጭ እስኪመጣ የምትጠብቁም አንብቡት። ደሴ ላይ ሰው አለ። ለዚያውም የሚያውቅ ሰው።

የሊድ ጊታር ክር እንደምንም ይገኛል። የክራርም አይቸግርም። የቤዝ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ነጋዴው አያመጣም። ካመጣም ምን እንዳመጣ አያውቅም። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። የዘወትር ሥራ አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ሰርግ እንሠራለን። ጥር ሲደርስ ጊታሬ ላይ ያለው ክር ሞቶ ነበር። ቢመቱት ዱብ ብሎ ይቀራል፤ ድምፅ የለውም።

መጀመሪያ በቴሌግራም ሞከርሁ። ፎቶው የታወቀ ብራንድ ነው። ሻጩ አፉ ቅቤ ነው። በቴሌብር ከፈልሁ፣ ዕቃው በመኪና መጣ። ስከፍተው ስድስት ክር! የአኮስቲክ ጊታር ክር ነው የላከልኝ። ስደውልለት «ጊታር አላልክም እንዴ?» አለኝ። «ቤዝ» ብዬ የጻፍሁትን መልሼ ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሳም፤ ቴሌግራሙም ዘጋኝ።

ቀጥሎ አንድ ሱቅ ሄድሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ እንጀራውን መዝጋት አልፈልግም። «ውፍረቱ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ቤዝ ቤዝ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» አለ። ፓኬቱን ራሱ ቀደደው። ረጅም ሲሆንበት ጊዜ ወፍራሙን ክር በፒንሳ ቀጨም አድርጎ ቆረጠው። ላዩ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ መፈታት ጀመረ። ለካ የቤዝ ክር ከመቆረጡ በፊት መታጠፍ አለበት! ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እሱ ግን ሻጭ ሆኖ አያውቅም። ክሩ በድን ሆነ። መልስልኝ ስለው «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የከፈተው እኮ እሱ ነው! እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሌላም አለ፤ ኦርጅናል ተብሎ ተሸጦልኝ ወር ሳይሞላው የዛገ። እሱን ልተወው።

የድሮ ቤዝ ተጫዋቾች አንድ ዘዴ አላቸው። አሮጌውን ክር ፈትተው በውሃ ያፈሉታል። የእጅ ላብና ቆሻሻው ሲለቅ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል። ቸግሮኝ እሱንም አድርጌዋለሁ። ባለቤቴ ያንን ድስት እስካሁን ወጥ አልሠራችበትም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ሞንታርቦ የሚያከራየን ሰው «ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ልጅ አለ፣ እስኪ ሞክረው» ያለኝ። ተስፋ አልነበረኝም። ጊታሬን ተሸክሜ፣ አሮጌውን ክር በፌስታል ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ሱቁ ጠባብ ነው። የሞባይል ከቨር፣ ቻርጀር፣ ማይክ፣ የተፈታታ አምፕሊፋየር ሞልቶበታል። ክር አለ ወይ አልሁት። «አለ» አለኝ። ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት «ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ልጠይቅዎት» አለ።

እንዲህ ያለኝ ሻጭ የመጀመሪያው ነው።

ጊታሩ ባለ አራት ክር ነው ባለ አምስት? ከላይኛው መነሻ እስከ ታችኛው መያዣ ርዝመቱ ስንት ነው? በሜትር ለካው። በልኩ ነው የምትቃኙት ወይስ ታወርዱታላችሁ? ይኼኛው ጥያቄ አስደነገጠኝ። ዘፋኛችን ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሁልጊዜ ግማሽ ድምፅ አውርደን ነው የምንጫወተው። ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀና «አሮጌውን ይዘዋል?» አለ። ከፌስታሉ አወጣሁለት። ጋራዥ ውስጥ የምናየውን መለኪያ፣ ካሊፐሩን፣ ከመሳቢያ አወጣና ክሮቹን አንድ በአንድ ለካ። ዛሬም የማልረሳው ያችን ደቂቃ ነው። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠራዋል፤ እሱ አንዲት ክር ይዞ አቀርቅሯል።

እኔ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ፓኬቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የክሩ ውፍረት ነው፤ የኢንች ሺኛ። 45 ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው፤ 105 ደግሞ ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ለባለ አራት ክር ቤዝ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ከ45 እስከ 105 ያለውን ነው። ቀጭን የሚወድ ከ40 እስከ 100፣ ወፍራም የሚወድ ከ50 እስከ 110 ይወስዳል። የእኔ አሮጌ ክር ቀጭኑ ነበር። ቀጭን ክር ሲወርድ ይላላል፤ ሲላላ ፍሬቱን፣ አንገቱ ላይ የተደረደረውን ብረት፣ እየነካ ይንጫጫል። ሰርግ ላይ «ይህ ቤዝ ምን ነካው?» ሲሉኝ የኖሩት ለካ ለዚህ ነው።

ጭፈራ ላይስ ግድ የለም፣ ከበሮው ይሸፍነዋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ አምባሰል ላይ ግን ቤዝ መደበቂያ የለውም። አምባሰልና ባቲ በአገራችን ስም የተጠሩ ቅኝቶች ናቸው። እነሱን በሚንጫጫ ክር ወሎ ላይ መጫወት ያሳፍራል። ሽማግሌዎቹ ጊታር ባያውቁም ጆሯቸው ያውቃል።

ከሁሉም የሚወፍረውን ስጠኝ አልሁት፤ ጓደኞቼም እሱን ነበር የመከሩኝ። ዋጋውም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። ሌላ ነጋዴ ቢሆን አሽጎ ይሰጠኝ ነበር። እሱ እንቢ አለ። «ጋሼ፣ ይኼ አንገቱን ይስብብዎታል፤ ጣትዎም ይደክማል። ለግማሽ ድምፅ 45ቱ ይበቃል» አለና ርካሹን ሰጠኝ። የሚያተርፍበትን ትቶ የሚሻለኝን ሰጠኝ! በዚህ ዘመን!

ከዚያ ክሩን ራሱ ገጠመው። ሁሉንም በአንዴ አላወረደም፤ አንዱን ሲያወጣ አንዱን እያስገባ ነው። ከመቁረጡ በፊት እያጠፈ። ሲጨርስ ትንሽዬ ቁልፍ አንገቱ ውስጥ አስገብቶ አንድ ነገር አዞረ፤ በአንድ ዓይኑ አየ፤ ደግሞ አዞረ። ምን እንዳደረገ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁትምም። ብቻ ጊታሩ አዲስ ሆነ። የእጅ ስንት ነው ስለው «አብሽሩ ጋሼ፣ ሻይ ይጋብዙኛል» አለ። ሻይዋንም አልጠጣ ብሎ ስንታገል ነበር።

በዚያ ሳምንት ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ አምፕሊፋየር ቀየርክ ወይ ብሎኛል። ክር ነው ስለው አላመነኝም።

ዋጋው ርካሽ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፣ ምንዛሬውን ታውቁታላችሁ። ግን የከፈላችሁት ትክክለኛ ዕቃ ላይ ይውላል። ዳዳሪዮ የሚባለው የክር ብራንድ ፓኬት ውስጥ ዕቃው እውነተኛ መሆኑ የሚጣራበት ኮድ አለ፤ እንዴት እንደሚታይ ስልኩ ላይ አሳይቶኛል። እስኪ ስንቱ ሻጭ ነው እንዲህ የሚያደርግ? የሌለውንም የለኝም ይላል። የባለ አምስት ክር ስጠይቀው «አሁን የለም፤ ሲገባ እደውላለሁ» ብሎ ስልኬን መዘገበ። ለራሴ አልነበረም፤ ሐይቅ ላለ ወዳጄ ነው። የእውነት ደወለ!

እባካችሁ ሂዱ። ገበያ ካጣ ዕቃውን ማምጣት ያቆማል፤ ያኔ ሁላችንም ወደ ቴሌግራሙ ሰውዬ መመለሳችን ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ ያልጻፍሁት ራሱ አትጻፉ ስላለኝ ነው፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስትሄዱ አሮጌውን ክር አትጣሉ፤ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱን ለክቶ ነው የሚነሳው። አርብ ከሆነ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ ድረሱ፣ እስከዚያ ሱቁ ዝግ ነው።