ሲሜክ «አገኘሁ» ሲላችሁ «የት?» በሉት

ሲሜክን (CMake፣ የፕሮግራም ኮድ እንዴት እንደሚገነባ የሚያቀናጅ መሣሪያ) ለዓመታት የተጠቀምኩት እንደ ታክሲ ነው። ገብቶ መቀመጥ፣ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» ማለት። ውስጡ ምን እንዳለ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም። ሰሞኑን ግን በሲ የተጻፈች ትንሽ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ገንብቼ ወደ ራስቤሪ ፓይ (መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር) ላሻግር ብዬ ተነሳሁና ኮፈኑን መክፈት ግድ ሆነ።

እዚያው ፓይው ላይ ለምን አልሠራሃትም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። ቡናው ከአቦል በረካ ደርሶ ኮምፓይሉ (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መቀየሩ) አላለቀም።

መጀመሪያ ምስጋናው። ቱልቼይን ፋይል የሚባል ነገር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ቨርዥን 2.6 ጀምሮ ያለ ነው። አራት አምስት መስመር ናት፦ የምንሄድበት ሲስተም ሊኑክስ ነው፣ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት አርም ነው፣ ኮምፓይለሩ ይሄ ነው፣ የዚያኛው ማሽን ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚደገፉባቸው የተዘጋጁ ኮዶች) ደግሞ እዚህ ፎልደር ውስጥ አሉ። በቃ። የፕሮጀክቱን ኮድ አትነኩም፤ የሰው ሥራ ላይ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ብስጭቱ። ፕሮግራሟ ዚሊብ የሚባል የዳታ መጭመቂያ ላይብረሪ ትፈልጋለች። ሲሜክ «ዚሊብ ተገኘ» አለኝ፣ ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ ሊንከሩ (የተገነቡትን ቁርጥራጮች የሚያገጣጥመው) «የፋይሉ ዓይነት ልክ አይደለም» ብሎ ዘጋኝ። ወደ ላይ መለስ ብዬ ሳየው ዚሊብን ያገኘው የራሴው ላፕቶፕ ውስጥ ነው! ጨው ከጎረቤት አምጣ ብለው ሲልኩት ከገዛ ጓዳቸው ዘግኖ የሚመጣ ልጅ አታውቁም? ልክ እንደዚያ። ላይብረሪና ሄደር (የላይብረሪው መግለጫ ፋይል) ከዚያ ከፓይው ፎልደር ብቻ ፈልግ፣ ፕሮግራም ግን ከላፕቶፑ ውሰድ (ቢልዱ መሃል የሚሮጡት እዚህ ስለሆነ) ብላችሁ በግልጽ ካልጻፋችሁለት የትም ገብቶ ይፈልጋል።

አስተካክዬ እንደገና አስኬድኩት። ያው! ለካስ ካሹ (ያገኘውን የሚያስታውስበት ፋይል) ነው፤ የመጀመሪያውን መልስ ይዞ ሙጭጭ ብሏል። የቢልድ ፎልደሩን ሙልጭ አድርጎ መሰረዝ ነው መድኃኒቱ፤ ከ3.24 ወዲህ «ፍሬሽ» የሚል አማራጭ ስላለ እሱም ይሠራል።

ተገነባ። ፓይው ላይ ሲጫን ደግሞ «ጂሊብሲ 2.34 የለም» መጣ፤ ጂሊብሲ አብዛኞቹ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው። ይሄኛው የሲሜክ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው። ኮምፓይለሬ የኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ጂሊብሲው 2.35፤ ፓይው ያለው ደቢያን 11 (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ላይ ነው፣ እሱ 2.31። በአዲሱ የተሠራ አሮጌው ላይ እሺ አይልም። ደቢያን 11ን በዶከር (ሌላ ሲስተም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ለብቻው በሚያስከፍተው መሣሪያ) ከፍቼ ኮምፓይለሩን ከዚያው ጫንኩ፣ ከፓይው የቀዳኋቸውን ላይብረሪዎች ሰጠሁት፣ ሄደ።

የሲሜክ ማኑዋል ሁሉም ነገር አለበት፤ ችግሩ የምትፈልጉትን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ አታገኙትም።

ነጥብ? ከ10 ሰባት። ሁለቱን የቀነስኩት ለካሹ፣ አንዷን ለዚሊቧ ነው።