«ከአንጓ ሕመም ይገላግላል» የተባለ ማውስ ከመግዛታችሁ በፊት

እጃችሁን እያመማችሁ ማውስ ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ፣ ክፍያውን ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ። ገንዘቤ ብቻ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ያንገበገበኝ ሐኪም ዘንድ መሄድ ሲገባኝ ማውሱን አምኜ የቆየሁበት ሁለት ወር ነው።

ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰንጠረዥ መሙላት፣ ፋይል መጎተት፣ መጫን፣ መልሶ መጫን። ቀኝ እጄ ሌሊት ሌሊት መደንዘዝ ሲጀምር ተኝቼበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቀስ እያለ ቀንም መጣ። ስልክ ይዤ ትንሽ ስቆይ አውራ ጣቴን፣ ሌባ ጣቴንና የመሃል ጣቴን ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስል ይወረኛል። እጄን ሳራግፈው ይለቀኛል። ደግሞ ይመለሳል።

አንድ ማታ ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ስፈልግ ማስታወቂያው መጣ። እጅ ለሰላምታ እንደሚዘረጋ በጎን የሚያዝ፣ ቨርቲካል የሚባለው ዓይነት ማውስ ነው። ፎቶው ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አለ። «ኤርጎኖሚክ። በባለሙያዎች የተመከረ። የአንጓ ሕመምን ያስወግዳል» ይላል። ኤርጎኖሚክ ማለት ለሰውነት እንዲመች ተደርጎ የተሠራ ማለት ነው። ከሥሩ የኮከብ መዓት ተደርድሯል። የሚያመው ሰው ደግሞ ለማመን ቅርብ ነው። አዘዝኩ።

ዕቃው ሲደርስ ሳጥኑ ያምራል። እጄን ሳሳርፍበት ግን የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ወዲያው ታወቀኝ። ሰፋብኝ። መዳፌ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ሌባ ጣቴ የቁልፉ ጫፍ ጋ አይደርስም፤ መሃሉ ላይ ይቀራል። መሃሉ ደግሞ እንደ ጫፉ በቀላሉ አይጫንም። ስለዚህ ለአንድ ክሊክ እጄን ወደ ፊት ሸርተት አደርጋለሁ፣ ጣቴን እለጥጣለሁ፣ ከዚያ እጫናለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። በተራው ማውስ ቁልፉን የምንጫነው ወደ ታች ነው። ከሥሩ ጠረጴዛ ስላለ ማውሱ የትም አይሄድም። በቨርቲካል ማውስ ግን የምንጫነው ወደ ጎን ነው። እንዳይንሸራተት አውራ ጣት ከወዲያ በኩል ደግፎ መያዝ አለበት። ማውሱ በእጃችሁ ልክ ከሆነና ቁልፉ ለስላሳ ከሆነ ይህ ብዙም አይታወቅም። የእኔው ቁልፍ ጠጣር ነው። ስጫነው ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ከቦታዋ ዘለል ትላለች። ከሰንጠረዡ ትክክለኛዋ ሳጥን ላይ ላሳርፋት ስል አውራ ጣቴን ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አውራ ጣቴ ሥር፣ አንጓው አጠገብ፣ አዲስ ሕመም መጣ። የበር እጀታ ስጠመዝዝ ያስጮኸኝ ነበር። ድንዛዜውም አልሄደም።

ሳጥኑ ውስጥ «እጅ እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል» የሚል ወረቀት ነበር። አባባሉ ሐሰት አይደለም። አዲስ ቅርጽ ስንይዝ መጀመሪያ እንዘገያለን፣ ቀስቷን እንስታለን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይስተካከላል። አዲስ ቦታ ላይ የሚመጣ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚለመድ አይደለም። እኔ ሁለቱን ስላልለየሁ «ይለመዳል፣ ይለመዳል» እያልኩ የመመለሻው ቀን አለፈ።

ሆኖም ለሻጩ ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ ማውሱ ስለሚሠራ ችግር የለበትም። የተባለው ዋስትና ማውሱ አልበራ ወይም አልጫን ካለ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ቀኑ ባያልፍ እንኳ ሳጥኑ ከተከፈተ አይመለስም። ይህ ሁሉ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ሳላነበው «እስማማለሁ» ብያለሁ። እስኪ አስቡት። ለእጅ ይመቻል ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ፣ መመቸቱ ሳጥኑ ሳይከፈት በምን ይታወቃል? እንዲህ ዓይነት ውል ካያችሁ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ተዉት። እኔ በዚህ ጉዳይ ድርድር የለኝም።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ የተጠየቅኩት የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ ነበር። ለካ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አንጓችን ውስጥ ካርፓል ተነል የሚሉት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉንና ግድግዳውን 8 ትናንሽ አጥንቶች ሠርተውታል፤ በመዳፍ በኩል ደግሞ ጠንካራ ማሰሪያ ይከድነዋል። በዚያ ጥበት ውስጥ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የተባለው ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ይህ ነርቭ ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት ይሰጣል። ነርቩ ሲጨነቅ የሚደነዝዙት እነዚህ ናቸው። ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ነገሩ ሌላ ነው። የእሷ ነርቭ አልናር ይባላል፤ በዚህ መተላለፊያ አያልፍም፤ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀውም ክርን አካባቢ ነው። አውራ ጣት ሥር የሚሰማ ሕመም ደግሞ የጅማት ጣጣ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስታወቂያው ግን ሁሉንም «የአንጓ ሕመም» ብሎ ጠቅልሎ በአንድ ማውስ ሊያድናቸው ይነሳል።

ቨርቲካል ማውስ ራሱ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩ አይደለም። ሐሳቡ መሠረት አለው። ከክርን በታች ሁለት አጥንቶች አሉን። መዳፋችንን ወደ ጠረጴዛው ስንደፋ አንደኛው በሌላው ላይ ይሻገራል፤ ክንዳችን ተጠምዝዞ ይውላል ማለት ነው። እጅ በጎን ሲያርፍ ያ ጥምዝ ይቀንሳል። ለብዙ ሰው ይህ እፎይታ ነው። ነገር ግን ከእፎይታ እስከ ሕክምና ብዙ ርቀት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 «አፕላይድ ኤርጎኖሚክስ» በተባለው የምርምር መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት የካርፓል ተነል ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በቨርቲካል ማውስና በተለያዩ የእጅ መደገፊያዎች አሠርቶ፣ መተላለፊያው ውስጥ ያለውን ግፊት በቀጥታ ለካ። ቨርቲካሉ ማውስ የአንጓን ወደ ጎን መታጠፍ ቀንሷል። መደገፊያዎቹም አንጓ ወደ ላይ መቀልበሱን ቀንሰዋል። ግፊቱን ግን አንዳቸውም አልቀነሱትም። ይህን ያወቅኩት ገንዘቤ ከሄደ በኋላ ነው።

«ኤርጎኖሚክ» የሚለውን ቃል በተመለከተም አንድ ነገር እወቁ። ማንም አምራች ማንም ሳይፈቅድለት ሳጥኑ ላይ ሊያትመው ይችላል። የኮምፒውተር መጠቆሚያ ዕቃዎች እንዴት መነደፍ እንዳለባቸው የሚናገር ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ አይኤስኦ 9241-410 ይባላል፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ቃሉ ሳጥኑ ላይ መጻፉ ብቻ ግን ዕቃው በዚያ መስፈርት ለመሠራቱ ማስረጃ አይሆንም። በሥራው የሚተማመን አምራች ቁጥር ይናገራል። ለምሳሌ ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤምኤክስ ቨርቲካልን ሲያወጣ ማውሱ 57 ዲግሪ እንደሚያዘነብል በግልጽ ጽፏል። እኔ የገዛሁት ላይ ዲግሪ የለም፣ ርዝመት የለም፣ ስፋት የለም፣ ለምን ያህል እጅ እንደተሠራም አልተጻፈም። ያለው ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማስመሪያ አምጡ። እውነቴን ነው፣ አሁኑኑ። መዳፋችሁን ዘርጉና አንጓችሁ ላይ ካለው የመታጠፊያ መስመር ጀምራችሁ እስከ መሃል ጣታችሁ ጫፍ ለኩ። የእኔ 17 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ አሁን በእጃችሁ ያለውን ማውስ ርዝመትና ከፍታ ለኩና ልትገዙት ካሰባችሁት ጋር አስተያዩ። እኔ በኋላ ስለካው አዲሱ ከድሮው በጣም ይረዝማል፣ ቁመቱማ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሻጩ መጠኑን ካልጻፈ ጠይቁት። «ለሁሉም እጅ ይሆናል» ካላችሁ እለፉት፤ ለሁሉም እጅ የሚሆን ጫማ እንደሌለ ሁሉ እንዲህ ያለ ማውስም የለም። ግራኝ ከሆናችሁ ደግሞ ቨርቲካል ማውስ ለአንድ እጅ ብቻ የተቀረጸ መሆኑን አትርሱ። የግራው ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ ብዙ አምራቾች ጭራሽ አይሠሩትም።

ስለ ሌላው ቶሎ ልለፍ። ትልልቅ የዲፒአይ ቁጥር (ማውሱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቀስቷ ምን ያህል እንደምትሄድ የሚናገረው) ለአንጓችሁ ምቾት የሚጨምረው ነገር የለም። የቀስቷን ፍጥነት ኮምፒውተራችሁ ላይ በነጻ ማስተካከል ትችላላችሁ። ማውሱ ብሉቱዝ ከሌለውና ኮምፒውተሩ ላይ በምትሰካ ትንሽ መቀበያ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ መቀበያዋ የጠፋች ቀን ማውሱም አብሮ ይጠፋል። ጎማ መሰል ሽፋን ያላቸው ሲያረጁ ሊያጣብቁ ይችላሉ። በአውራ ጣት የሚንከባለል ኳስ ያላቸውን ትራክቦሎች የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ አውራ ጣታችሁን ከሚያማችሁ ግን ድካሙን ሁሉ ወደዚያው ጣት ነው የምትወስዱት።

ኮከቦቹን በተመለከተ ግን ቆም ልበል፤ እኔን የበላኝ እሱ ነውና። ከተሸወድኩ በኋላ ተመልሼ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አብዛኞቹ ዕቃው በደረሰ በዚያው ቀን የተጻፉ ናቸው፦ «ቶሎ ደረሰኝ»፣ «ያምራል»፣ «ለስጦታ የሚሆን»። ማውስ ለአንጓ መስማማቱ በአንድ ቀን አይታወቅም። ወደ ታች ስወርድ ደግሞ ስለ ስልክ መያዣ የሚያወሩ አስተያየቶች አገኘሁ። የሌላ ዕቃ ምስጋና ማውሱ ሥር ተቆጥሯል ማለት ነው! ፎቶውን በኢንተርኔት ስፈልገው ያው ማውስ በአራት የተለያየ ስም ይሸጣል። ስለዚህ አምስት ኮከቡን ተዉትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡ። ከወራት በኋላ ተመልሰው የጻፉትን ፈልጉ። የእጃቸውን መጠን የሚጠቅስ ሰው ካገኛችሁ እሱን ስሙት።

እኔን የረዳኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ታዘዘልኝ፤ ተኝተን አንጓችንን ሳናውቀው ስለምናጥፍ ነው። ወደ ድሮው ጠፍጣፋ ማውሴ ተመለስኩ፤ በእጄ ልክ ነበር። ወንበሬን ከፍ አድርጌ ክርኔን ከጠረጴዛው ጋር አስተካከልኩ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የኪቦርዴ የቁጥር ክፍል ማውሱን ወደ ቀኝ ገፍቶት ስለኖረ ክንዴ ተዘርግቶ፣ አንጓዬ ወደ ጎን ታጥፎ ነበር የምውለው። ኪቦርዱን ወደ ግራ ሳብ አድርጌ ማውሱን አጠገቤ አመጣሁት። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንጓዬን መጫን ተውኩ። ማውሱን በአንጓ ብቻ ከማወዛወዝ ከክርን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ቀላል ቀላሉን ሥራ በግራ እጄ ተለማመድኩ። ከመደገፊያው በስተቀር አንዱንም በገንዘብ አልገዛሁትም። የአውራ ጣቴ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ለቀቀኝ፤ የሌሊቱ ድንዛዜም እየቀለለ ነው።

የእናንተ ከእኔ ሊለይ ይችላል። ድንዛዜው አልለቅ ካለ፣ ዕቃ ከእጃችሁ እያመለጠ መውደቅ ከጀመረ፣ ወይም አውራ ጣታችሁ ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ከመሰላችሁ ማውስ መምረጡን ተዉትና ቶሎ ታዩ። ለረጅም ጊዜ የተጨነቀ ነርቭ ሁልጊዜ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን አትጣሉ። ማውሱን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእውነተኛ ሥራችሁ ሞክሩት፣ ግን በየመሃሉ ወደ አሮጌው እየተመለሳችሁ። አዲስ ሕመም ከመጣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ለሻጩ በስልክ አትደውሉ፣ በጽሑፍ አሳውቁት። የመመለሻው ቀነ ገደብ መቼ እንደሚያልቅ አሁን ደረሰኙ ላይ እዩና ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ እንዲጮህ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ።