ለድፍርስ ውሃ የትኛው ሮቦት? ቼሲንግ ኤም2 ወይስ ብሉ አርኦቪ2

የውሃ ውስጥ ሮቦት ሊገዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። ለቀይ ባሕር ጠላቂ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለጣና ግን አይሆንም። ክረምት ላይ ወንዞቹ አፈር ተሸክመው ሲገቡ በ4ኬ የምትቀርጹት ጭቃ ነው። ጥርት ያለ ጭቃ። መብራት ስትጨምሩ ደግሞ ይብሳል፤ ጉም ውስጥ ረጅም መብራት እንዳበራ ሾፌር ነጭ ግድግዳ ፊታችሁ ይገተራል።

ቼሲንግ ኤም2 የቻይና ሥሪት ነው። ክብደቱ 4.5 ኪሎ ገደማ፣ ካሜራው 4ኬ፣ እስከ 100 ሜትር ይወርዳል። ገመዱን ሰክታችሁ፣ ስልካችሁን መቆጣጠሪያው ላይ አስቀምጣችሁ ወዲያው ሥራ ነው። 8 ሞተር ስላለው ወደፈለጋችሁት ያዘነብላል፤ ጀልባ ሥር ገብቶ ሽቅብ ማየት ለሱ ቀላል ነው። ውሃው ጥሩ ከሆነና ሥራችሁ ማየትና መቅረጽ ብቻ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ።

የካሊፎርኒያው ብሉ አርኦቪ2 ግን ጣጣ ይወዳል። ክብደቱ ከ10 ኪሎ ያልፋል፣ ካሜራው ከ4ኬ የሚያንስ 1080ፒ ነው። በከፊል ተፈታትቶ ስለሚመጣ ብሎን ስታጠብቁ ሰዓታት ይሄዳሉ። ላፕቶፕና የጌም ጆይስቲክ ከራሳችሁ። ውሃ ከመግባቱ በፊት እንዳያስገባ ለመፈተሽ በእጅ ፓምፕ ከውስጡ አየር ትስቡለታላችሁ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ የግፊት መለኪያውን ጌጅ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። መርፌው ከወረደ አንዱ ኦሪንግ (ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ላይ ፀጉር ወይም አሸዋ አለ ማለት ነው። ፈትታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ግሪስ ቀብታችሁ እንደገና።

ታዲያ ምን ያደርግልናል? ሶናር ያስገጥማል። ፒንግ360 የሚባለው እስከ 50 ሜትር ዙሪያውን በድምፅ ይዳስሳል፤ ድምፅ እንደ ብርሃን በደለል ቶሎ አይሸነፍም። ሶፍትዌሩም ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ክፍት ነው፤ አንድ ሞተር ቢሞትም ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። ከቼሲንግ ሶናር የፈለገ ከኤም2 በላይ ወዳሉት ሞዴሎች መውጣት አለበት። የግድብ በር ወይም ድፍርስ ሐይቅ ለመፈተሽ ከሆነ እኔ ያለማቅማማት ብሉውን እገዛለሁ።

ስለ ጥልቀት ብዙ አትጨነቁ። ጣና እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም ይበቃሉ። ሻላ ግን 266 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ከሁለቱ የሚሠራው ለ300 ሜትር የተዘጋጀው ብሉ አርኦቪ2 ብቻ ነው፤ ስታዙ የ100 ሜትሩን እንዳይልኩላችሁ አረጋግጡ።

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሻንጣ ያምጣልኝ» ለምትሉ ደግሞ፦ የብሉው ባትሪ 266 ዋት ሰዓት ነው። አየር መንገዶች ከመንገደኛ ጋር የሚያሳፍሩት እስከ 160 ነው። ሮቦቱን ወንድማችሁ ያምጣ፤ ባትሪው በካርጎ ይምጣ።