በርበሪ፦ የ2018ቱ ፊት ወይስ የ2024ቱ?

የእንግሊዙን ፋሽን ቤት የበርበሪን ሁለት ማስታወቂያዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2018 ዲዛይነሩ ሪካርዶ ቲሺ ሲመጣ ጦር የያዘው ፈረሰኛ ከአርማው ወረደ፣ ስሙም በወፍራምና ቀጥ ባለ ፊደል ተጻፈ። ችግሩ፣ በዚያው ዓመት ሌሎቹ ፋሽን ቤቶች ሴሊንና ባልሜንም ስማቸውን እንዲሁ ጻፉ። ስሙን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት፤ የተኮሳተረ ሞዴል ብቻ ይቀራል፣ የማን ቤት እንደሆነ እንጃ።

የ2024ቱ ግን ዝናብን ይዞ መጣ። «ሁሌም የበርበሪ አየር ነው» ይላል፣ ተዋናይቷ ኦሊቪያ ኮልማንና የቼልሲው ተጫዋች ኮል ፓልመርም አሉበት (እውነቱን ለመናገር ዝነኛ ሰው በዝቶበታል)። ሆኖም ዝናቡ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ቶማስ በርበሪ በ1856 ሱቁን ከፍቶ በ1879 ጋባርዲን የተባለውን ጨርቅ የፈጠረው ሰውን ዝናብ እንዳይመታው ብሎ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ መኮንኖች ከጨርቁ የተሠራውን ካፖርት ምሽግ ውስጥ ለብሰውታል፤ ትከሻው ላይ ያለችው ማንገቻ የማዕረግ ምልክት መያዣ ነበረች።

ፈረሰኛውንም ከቲሺ በኋላ የመጣው ዲዛይነር ዳንኤል ሊ በ2023 መልሶታል። እኔ ያለማንገራገር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ቆንጆ ነው፣ ግን ሽቶም ስልክም ሊሸጥበት ይችል ነበር።