የዓሣ ቤት ዘይት ወደ ናፍጣ፦ ያሠራሁት በርሜል ከሦስት ወር በኋላ

ባሕር ዳር አጠገብ ወራሚት ላይ ሽንኩርት የማጠጣባት ትንሽ የናፍጣ ፓምፕ አለችኝ። ናፍጣ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሲገኝም ወረፋው ግማሽ ቀን ይበላል፣ ሽንኩርት ደግሞ ውሃው ካለፈው አለፈ ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ ባሕር ዳር አንድ በያጅ ጋ ሄጄ፣ ያገለገለ የምግብ ዘይት ወደ ባዮዲዝል፣ ማለትም በናፍጣ ፈንታ ወደሚሠራ ነዳጅ፣ የምቀይርበት በርሜል አሠራሁ። ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ያየሁትን በግልጽ ልጻፍ።

ዕቃው ቀላል ነው። 60 ሊትር የሚይዝ የብረት በርሜል፣ ታቹ እየጠበበ ወርዶ መክፈቻ ላይ የሚያልቅ፣ በጎኑ የቦይለር ሬዚስታንስ የገባበት፣ ዘይቱን ከታች ስቦ ወደ ላይ የሚመልስ ትንሽ ፓምፕ ያለው። ብየዳው እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ታቹ መጥበቡ ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ጠፍጣፋ በርሜል ቢሆን ከነዳጁ ተለይቶ የሚዘቅጠው ወፍራም ተረፈ ምርት፣ ግሊሰሪን፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ይቀራል፤ በዚህኛው ግን ጠዋት መክፈቻውን ስከፍት ጥቁሩ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ቀለሙ ማር ሲመስል እዘጋለሁ፣ አለቀ።

ያስከፋኝ መክፈቻው ነው። በያጁን አሉሚኒየም እንዳይሆን ነግሬው ነበር፤ «ምንም አይልም» ብሎ ያንኑ ገጠመው። ለሥራው የሚገባው ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላውም ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ሁለተኛው ዙር ላይ መንጠባጠብ ጀመረና በራሴ ገንዘብ ስቴንለስ ገዝቼ አስቀየርኩ። ስታሠሩ አጠገቡ ቁሙ። አሉሚኒየም፣ ጋልቫናይዝድ ቧንቧና ነሐስ አይግባ።

ዘይቱን የማገኘው ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚጠብሱ እናት ነው። «እትዬ፣ ቦይ ውስጥ አይድፉብኝ፣ ጀሪካን አምጥቼ እወስዳለሁ» ብዬ ጀመርኩ፣ አሁን እሳቸው ራሳቸው ይደውሉልኛል። በነቢያት ጾም ዓሣ ቤቱ ስለሚጨናነቅ ዘይቱ ሞልቶ ነበር። ግን ቆሮሶ የተጠበሰበት ዘይት ዱቄትም ውሃም አለበት። በአቡጀዲ አጠልለዋለሁ፣ ከዚያ መንጣጣቱ እስኪያቆም አሞቀዋለሁ። ይህን ሳላውቅ የሠራሁት የመጀመሪያው 20 ሊትር ሙሉ በሙሉ ሳሙና ሆኖብኝ በርሜሉን ሳጥብ አንድ ቀን ሄደ።

ዘይቱ ወደ ነዳጅ የሚቀየረው ሜታኖል በሚባል አልኮልና በኮስቲክ ሶዳ ነው። ልኬቱ ይኼ ነው፦ ለ1 ሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ ለአዲስ ዘይት 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ። ዘይት በተጠበሰበት ቁጥር አሲዱ ስለሚጨምር ሶዳውም ይጨምራል፣ ስንት እንደሚጨምር ደግሞ በየዙሩ አሲዱን በጠብታ በመለካት (ቲትሬሽን ይሉታል) መታወቅ አለበት። የእኔ ብዙ ጊዜ 2 ግራም ይጨምራል፤ ስለዚህ ለ40 ሊትር 220 ግራም እመዝናለሁ። በግምት አይሠራም፣ ዲጂታል ሚዛን የግድ ነው። ሙቀቱን 50 እና 55 ዲግሪ መሃል እይዛለሁ። ሜታኖል ባሕር ዳር ከፍታ ላይ 59 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከዚያ ካለፈ ይተንና ይባክናል። ካደረና ግሊሰሪኑ ከወረደ በኋላ 3 ሚሊ ሊትር ነዳጅ 27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ጨምሬ እበጠብጣለሁ። ሁሉም ከሟሟ ጥሩ ነው፣ ከሥር ዘይት ከቀረ ገና አልበሰለም። ከዚያ በውሃ ሦስት ጊዜ ማጠብ፣ ማድረቅ።

ሜታኖልን በተመለከተ አደራ እላለሁ። አረቄ አይደለም! ሽታው ያታልላል፣ ትንሹ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል። የውሃ ጀሪካን ውስጥ አታስቀምጡት፣ ቆልፉበት። እሳቱ ቀን ላይ አይታይም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ቡና የሚፈላበት፣ ከሰል የተቀጣጠለበት ግቢ ውስጥ በጭራሽ አትሥሩ። እኔ ከቤት ርቄ፣ ነፋስ በሚያገኘኝ ቦታ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ነው የምሠራው።

ፓምፗ እንዴት ሆነች? በደንብ ትሠራለች፣ ጭሷም ቀንሷል። የመጀመሪያው ወር ግን የናፍጣ ፊልትሮ ሁለቴ ቀየርኩ፣ ባዮዲዝል በጋኑ ውስጥ የቆየውን ቆሻሻ ሁሉ ጠራርጎ ስለሚያመጣ። የጎማ ቱቦዋም አበጠና ተቀየረ። ያልጠበቅኩት ብርዱን ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ አልነሳ አለች፣ ጋኑን ስከፍት ነዳጁ እንደ ቅቤ ረግቷል። ምክንያቱ ዘይቱ ነው፣ ዓሣ ቤቶቹ የሚጠቀሙት የፓልም ዘይት ስለሆነ ከእሱ የሚሠራ ባዮዲዝል በ15 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ በብርዱ ወራት ግማሽ በግማሽ ከናፍጣ ጋር እቀላቅላለሁ፣ ጠዋት በንጹህ ናፍጣ አስነስቼ ሲሞቅ እቀይራለሁ። ከኑግ ዘይት ቢሆን ይህ ችግር አይኖርም ነበር፣ ግን ኑግ ለምግብ እንጂ ለፓምፕ አይባክንም።

ወጪው ላይ እንዳትታለሉ። ዘይቱ በነጻ ቢመጣም ሜታኖሉን ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው፣ ከዘይቱ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚገባም ሒሳቡ የሚወሰነው በእሱ ዋጋ ነው። ቋሚ ዘይት የሚሰጥ ዓሣ ቤት ወይም ሆቴል ያለውና መመዘን የማይሰለቸው ሰው ይሥራ፤ አልፎ አልፎ ለመኪና ለሚፈልግ ግን አልመክርም።

ግሊሰሪኑንና የታጠበበትን ውሃ ክዳን ባለው በርሜል እያጠራቀምኩ ነው። ወደ ጣና የሚወርድ ቦይ ውስጥ አንድም ጣሳ አልደፋም፣ ሐይቁ እንቦጩ ይበቃዋል።

በዚህ ሳምንት ለማጠቢያ የሚሆን ሁለተኛ በርሜል ለዚያው በያጅ አዝዣለሁ። መክፈቻውን ግን ራሴ ገዝቼ ነው የምወስድለት።